ግሪሳ ሲረጭ ጉጉቱ ለምን ይሞታል?

ጥያቄው የመጣው ከሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ቆላ ከሚያርስ ቤተሰብ ከተወለደ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አባቴ ማሽላ ይዘራሉ። አምና ማሽላው ወተት እንደያዘ ግሪሳ ወረደበት። መንግሥት በአውሮፕላን አስረጨ። በማግስቱ ግሪሳው ያደረበት የግራር ጫካ ሄጄ ሳይ ከግሪሳው ጋር ሁለት ጭልፊትና አንድ ጉጉት ሞተው አገኘሁ። አባ ኮዳዎች የሞተውን ወፍ እየለቀሙ ይውጡ ነበር። ለእርሻ ሲባል የዱር እንስሳ በጅምላ መግደል ልክ ነው? ቻይና ድንቢጥ ፈጅታ የደረሰባትን አንብቤያለሁ፤ እኛስ ግሪሳን ካጠፋን ያው አይደርስብንም? ግሪሳውን ብቻ የሚገድል መድኃኒት የለም? አባቴን ስጠይቃቸው ‹ማሽላውን ትተህ ለወፍ ታለቅሳለህ› ይሉኛል። ርጭቱ ይቁም ብዬ ፊርማ ላሰባስብ ነው።»

ፊርማውን ለጊዜው አቆየው። ያየኸው ነገር እውነት ነው፤ ያስጨነቀህም በቂ ምክንያት ኖሮህ ነው። ግን ክርክርህን የገነባኸው በተሳሳተ መሠረት ላይ ነው። በዚህ ይዞታህ ወረዳው ግቢ ብትገባ የመጀመሪያው ባለሙያ ያሸንፍሃል።

ግሪሳ በርጭት አይጠፋም። ይህ ባለ ቀይ መንቁር ወፍ በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር አንደኛ እንደሆነ ይታመናል። ለመራባት የደረሱት ብቻ 1.5 ቢሊዮን ገደማ ይሆናሉ ተብሎ ይገመታል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል። ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ይሞታል። ረሃብ አለ፣ ድርቅ አለ፣ አዳኝ አለ። ዝናብ ካገኘ ግን በአንድ ዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይራባል። እንቁላሉ በ10 ወይም በ12 ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጎጆውን ለቆ ይወጣል። ጎጆ ከመሥራት ጀምሮ ልጅ አሳድጎ ቦታውን እስከ መልቀቅ ያለው ሁሉ በስድስት ሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል። እንዲህ ካለ ወፍ ላይ አንድ የግራር ጫካ ብትረጭ የጎደለው ቶሎ ይሞላል። ደቡብ አፍሪካ ከ1950ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀምራ በብዙ ሚሊዮን ስትገድል ኖራለች። ግሪሳው ዛሬም እዚያው ነው።

የቻይናው ነገር ሌላ ነው። በ1958 የተዘመተበት ድንቢጥ ከሰው ጣራ የማይርቅ ወፍ ነው። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ ማረፊያ ነሳው። እየበረረ ደክሞ ወደቀ። ድንቢጥ ግን ጫጩቱን የሚያሳድገው በትልና በነፍሳት ነበር። ድንቢጡ ሲጠፋ ነፍሳቱ ተው ባይ አጡ፤ እህሉን ፈጁት። በ1960 ድንቢጥን ከተባዮቹ ዝርዝር አውጥተው በቦታው ትኋን አስገቡ። ግሪሳ ግን ቤተኛ አይደለም፣ ዘላን ነው። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች በደቡብ ስምጥ ሸለቆ በሚራባ የግሪሳ መንጋ ላይ የሚያበራ ቀለም ረጩበት። ከዚያ እነዚያው ወፎች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተጉዘው በአዲስ ቦታ ሲራቡ ተገኙ። ዝናቡን እየተከተሉ ነበር። ሸዋ ሮቢት የተረጨ መርዝ ነገ ከኮንሶ ወይም ከጅግጅጋ የሚነሳውን መንጋ አይነካውም።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ርጭት የግሪሳን ቁጥር አይቀንስም። ማድረግ የሚችለው አንድን ማሳ ለአንድ ወቅት ማትረፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳ በማያተርፍበት ቀን የተረጨ ርጭት ሁሉ ከንቱ ግድያ ነው። ለወረዳው ልታቀርበው የሚገባህ ክርክር ይሄ ነው። ግሪሳ ያልቃል የሚለውን ተወው።

አባትህም ልክ ናቸው። ወፍ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ጎህ ሳይቀድ ማማ ላይ ትወጣለህ። እጅህ ላይ ወንጭፍ አለ፣ እግርህ ሥር የጠጠር ክምር አለ። ግሪሳው ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ጭስ የሚመስል ነገር ነው። ጭሱ መሬት መሬቱን እየተንከባለለ ይመጣል፤ የኋለኞቹ በፊተኞቹ ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። ከዚያ ድምፁ ይከተላል። ደራሽ ውኃ ይመስላል። አንዱን ዳር ስታባርር በሌላው ዳር ይወርዳል። አንድ ወፍ ክብደቱ 20 ግራም ቢሆን ነው። ግን እየበላም እያረገፈም በቀን እስከ 10 ግራም እህል ያጠፋል። አንድ ሚሊዮን ወፍ ማለት በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። አንድ ሚሊዮን ደግሞ ለግሪሳ ብዙ አይደለም።

ግሪሳ በአገር ደረጃ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው የሚል ጽሑፍ አንብበህ ይሆናል። እውነትነት አለው። ችግሩ ጉዳቱ ለአገሩ ሁሉ እኩል አይዳረስም። አንዱ ቀበሌ ምንም ሳይነካ ይሰበስባል፣ ጎረቤቱ ገለባ ያጭዳል። ገለባ ላጨደ ሰው «በአማካይ ጉዳቱ ትንሽ ነው» ብለህ አታጽናናውም። ልጆችም ወፍ ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ይህን ሳታነሳ ስለ ጉጉቱ ብቻ ብታወራ አባትህ አይሰሙህም። ባይሰሙህም አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ጉጉቱ። ለግሪሳ በአብዛኛው የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባል ኬሚካል ነው። በንግድ ስሙ ኬሌቶክስ ይባላል። አሠራሩን በቀላሉ ላስረዳህ። ነርቭ ለጡንቻ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ መልእክቱን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። ፌንቲዮን ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። ጡንቻው «በቃ» የሚለው ያጣል። ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅ ይዝረበረባል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ያቅታል። ይህ ኢንዛይም ደግሞ በግሪሳ አካል ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በጭልፊት፣ በንብ፣ በታናሽ ወንድምህም ውስጥ አለ። ግሪሳን ብቻ መርጦ የሚገድል መድኃኒት የለም። «የግሪሳ መድኃኒት» የሚለው አጠራር ራሱ ሰው ያዘናጋል። መርዝ ነው፤ መርዝ እንበለው።

ርጭቱ የሚካሄደው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ግሪሳው ተሰብስቦ ለማደር የሚገባው ያኔ ነው። አዳኞቹም የሚመጡት ያኔ ነው። ጭልፊቱ የመጨረሻ እራቱን ፍለጋ ይመጣል፣ ጉጉቱ የመጀመሪያውን። እዚያው ግራር ላይ ጎጆ ያላቸው፣ ከግሪሳው ጋር ምንም የማይገናኙ ወፎችም አሉ። እነዚህ በቀጥታ ይረጫሉ። ሌላው ሞት የሚመጣው በመብላት ነው። ግሪሳው ሁሉ እንደተረጨ አይሞትም። ብዙው ሌሊቱን ሲንገዳገድ ያድራል፤ ጠዋት በርሮ ርቆ ሄዶ የሚወድቅም አለ። መብረር ያቃተው ወፍ ለአዳኝ ቀላል ምሳ ነው። ላባው ላይ ያለው መርዝ አብሮ ይዋጣል። አንተ ያየሃቸው አባ ኮዳዎች ከዚያ በኋላ ምን እንደሆኑ አላየህም። እነሱ የሚሞቱት ጫካው ውስጥ አይደለም፣ ርቀው ሄደው ነው። ለዚህ ነው በርጭት ሪፖርት ላይ የማይቆጠሩት።

ከዓመታት በፊት በአዋሽ ተፋሰስ ርጭት በተካሄደ ማግስት ማለዳ አንድ ቦታ ላይ ነበርኩ። ከግራሩ ሥር መሬቱ አይታይም ነበር። አንዳንዶቹ ግሪሳዎች በእግራቸው ቅርንጫፉን እንደጨበጡ ቁልቁል ተንጠልጥለዋል። አንድ ጉጉት መሬት ላይ ክንፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ዓይኑ አልተከደነም። ከመንቁሩ ቀጭን ምራቅ ይወርዳል። ስጠጋው ሊነሳ ሞከረ፣ አንድ ክንፉ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከወዲያ በኩል ሁለት ልጆች በጆንያ የሞተ ወፍ ይለቅማሉ። «ለምናችሁ ነው?» ስላቸው «ለዶሮ» አሉኝ። እንዳይነኩት የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። ጆንያውን አስጥዬ እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኳቸው። ጉጉቱ ከቀትር በፊት ሞተ። ስለ ግሪሳ ርጭት በተነሳ ቁጥር የሚመጣብኝ የሁለቱ ልጆች ጆንያ ነው።

ጊዜውንም አስብ። ማሽላው ወተት የሚይዘውና የሚጠነክረው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ያኔ ስምጥ ሸለቆ ከአውሮፓና ከእስያ በሚወርዱ ወፎች ይሞላል። ይህ መስመር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ንስር፣ ጭልፊትና ሽመላን የመሰሉ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉ ወፎች የሚያልፉበት ነው። ከሩሲያና ከካዛክስታን ሣር ሜዳ የሚመጣው ንስር በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ የተመዘገበ ነው። የግሪሳ መንጋ ባለበት ይሰፍራል፤ ግሪሳ ይበላል። ግሪሳው የጠፋውን በአንድ ክረምት ይተካል። ንስሩ ግን በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጫጩት ነው የሚያሳድገው። በአንድ ርጭት አሥር ንስር ቢሞት የሚተካው መቼ ነው? የጥበቃው ጥያቄ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፌንቲዮንን ዓለምም በጥንቃቄ ነው የሚያየው። የአውሮፓ ኅብረት ከገበያው ካወጣው ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። ቻድ ደግሞ ለግሪሳ የሚረጨው ጠንካራው ዓይነት፣ በሊትር 640 ግራምና ከዚያ በላይ መርዝ ያለው፣ በአደገኛ ኬሚካሎች ንግድ ላይ በወጣው የሮተርዳም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ጠይቃ ነበር። ለዓመታት ሳይጸድቅ ቆይቶ በ2025 ገባ። ይህ ክልከላ አይደለም። ላኪው አገር ከመላኩ በፊት ተቀባዩ አገር አውቆ ይስማማ ማለት ነው። «ዓለም ከልክሎታል» ብለህ እንዳትጽፍ። አልከለከለም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣራ። ማሽላችሁን የበላው በእርግጥ ግሪሳ ነው? እህል የሚበላ ወፍ ሁሉ ግሪሳ ይባላል። ድንቢጥ አለ፣ ርግብ አለ፣ ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች አሉ። እነዚህ ከሰፈር አይርቁም። በአሥርና በሃያ ሆነው ነው የሚመጡት። ለነሱ የማሳ ጠባቂ ይበቃል፤ አውሮፕላን አያስፈልግም። ግሪሳ መንቁሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ስትራባ ብቻ ወደ ቢጫ ይለወጣል። የሚመጣው እንደነገርኩህ እንደ ጭስ ነው። ሲራባ በአንድ ግራር ላይ በመቶ የሚቆጠር ጎጆ ይሠራል፤ ጫካው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይሸፈናል። ለማደር ብቻ ሲሆን ፊላና ሸንኮራም ይመቸዋል። ይህን ሳያረጋግጡ ማስረጨት ያልታመመን ሰው መርፌ እንደመውጋት ነው።

ግሪሳ ወደ ማሳ የሚመጣው ደግሞ ማሽላ ስለሚወድ አይደለም። የዘወትር ምግቡ የሜዳ ሣር ፍሬ ነው። ሣሩ ፍሬ እያለው ማሳውን አልፎት ይሄዳል። ፍሬው ሲያልቅ፣ ወይም ዝናብ ጥሎ ፍሬው ሲበቅል የሚበላው ያጣል። ያኔ ነው እህል ላይ የሚወርደው። ሜዳው ታርሶ ሲያልቅና በበጋ በመስኖ የሚለማ እህል ሲኖር ግሪሳው ሣር ባጣ ቁጥር የሚያርፍበት ያገኛል። ከሁሉ የሚመታው ደግሞ ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ወይም ብቻውን ዘግይቶ የቀረ ማሳ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲደርስ ጉዳቱ ይከፋፈላል። አንተ አካባቢ አምና ማን ቀድሞ እንደዘራ፣ የማን ማሳ እንደተበላ ጠይቅ። መልሱ ብዙ ይነግርሃል።

ታዲያ ርጭት መቼ ነው ተገቢ የሚሆነው? እኔ የምጠይቀው ሁለት ቀን ነው። ጫጩቶቹ የሚበሩበት ቀንና ማሽላው ወተት የሚይዝበት ቀን። ጫጩቶቹ በርረው፣ መንጋው ቦታውን ከለቀቀ በኋላ ነው ማሽላው ወተት የሚይዘው? አትርጭ። ማሽላው ጠንክሮ ሊታጨድ አሥር ቀን ቀርቶታል? አትርጭ፤ ጠብቀህ ቶሎ አጭድ። ማሽላው ወተት ይዞ፣ መንጋው በሚሊዮን ሆኖ፣ ማደሪያው ከማሳው ብዙ ሳይርቅ ቢገኝስ? ያኔ ሌላው መንገድ ሁሉ አይበቃም፤ ርጭቱን አልቃወምም። ይህን እያወቅሁ «በጭራሽ አይረጭ» ብል አባትህን መዋሸት ይሆንብኛል።

በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ይዘገያል። አውሮፕላን ካላቸው አንዱ በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ አባል ናት። ድርጅቱ አንበጣ፣ ግሪሳና ተምች ለብዙ አገር ይቆጣጠራል። አውሮፕላኑ ጥቂት፣ ጥሪው ብዙ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሪፖርቱ ሲወጣ ቀናት ይሄዳሉ። አውሮፕላኑ ሲደርስ ማሽላው ተበልቶ ካለቀ የቀረው ሥራ ቂም መወጣት ነው። ቂም ደግሞ ኩንታል አይሞላም።

መግደል ሁልጊዜ እንደማይጠቅም እንግሊዞች በራሳቸው ላይ አይተውታል። ፊቱ ላይ ነጭና ጥቁር መስመር ያለው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ባጀር የሚባል እንስሳ አላቸው። ለከብት ሳንባ ነቀርሳ ያስተላልፋል ተብሎ ይከሰሳል። ከ1998 ጀምሮ ለዓመታት የቆየ ሙከራ አካሂደው ወደ 11 ሺህ ባጀር ገደሉ። በተገደለበት ክልል ውስጥ በሽታው ቀነሰ፤ በዙሪያው ግን ጨመረ። የተረፉት ተበትነው በሽታውን ይዘው ሄደዋል ማለት ነው። በ2007 የሙከራው ባለሙያዎች ግድያው ለበሽታው ቁጥጥር የረባ አስተዋጽኦ አያደርግም ብለው ደመደሙ። መንግሥት ግን በ2013 ግድያውን ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከ200 ሺህ በላይ ባጀር ተገድሏል። ይህን ያነሳሁት እነሱ ቢያንስ ስለለኩ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ይህን ያህል ሄክታር ተረጨ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ግሪሳ ተወገደ» የሚል ነው። ስንት ኩንታል ማሽላ ተረፈ? ስንት ጭልፊት ሞተ? እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከሌሉ ርጭቱ መጥቀሙን ማንም ማወቅ አይችልም።

ሌላው አማራጭ ምንድን ነው ብትለኝ፣ አንድ ተአምር የለም፤ የሚደጋገፉ ነገሮች አሉ። ማማና ወንጭፍ፣ ጅራፍ ማጮህ፣ ቆርቆሮ መደብደብ የሚሠራው መንጋው አነስተኛ ሲሆን ነው። ወፉ ይለምዳል፤ ዘዴውን መቀያየር ያስፈልጋል። ጠንክሮ መጠበቅ ያለበት ማለዳና ወደ ማታ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ወፉም ጥላ ውስጥ ያርፋል። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ልጁን ቀኑን ሙሉ ከትምህርት አያስቀርም። ከጎረቤት ጋር ተራ መግባት ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ቀያዮቹና መረር የሚሉት የማሽላ ዝርያዎች ታኒን ስላላቸው ወፉ ያን ያህል አይወዳቸውም። አንገቱን የሚደፋው፣ ፍሬው በሽፋን የሚሸሸገው ዓይነትም ለወፍ አይመችም። ነጩ ማሽላ ለእንጀራ ይሻላል፤ ይገባኛል። ግን ግሪሳ ተደጋግሞ ለሚመታው ማሳ ዳር ዳሩን በቀዩ መክበብ ያዋጣል። የተራበ ግሪሳ ግን ቀዩንም ይበላል። በቆሎ ፍሬው ትልቅ ስለሆነና በሽፋን ስለሚጠቀለል ግሪሳ ብዙም አይነካውም። ዝናቡ ከበቃ የማሳውን ከፊል ወደ በቆሎ መለወጥ አንድ መንገድ ነው።

ወጥመድም አለ። ታንዛኒያ ውስጥ ኮንዶዋ በሚባል አካባቢ ሰዎች ግሪሳን በመረብና በቅርጫት ወጥመድ ይዘው ይበሉታል፣ ይሸጡታል። መርዝ የለውም፣ ገንዘብም ያመጣል። በኛ አገር ብዙ ቦታ ትንንሽ ወፍ መብላት ልማድ አይደለም። ለዶሮ መኖ ግን ሊያገለግል ይችላል፤ እነዚያ ሁለት ልጆች ያሰቡት ነገር መርዙ ባይኖር ኖሮ ጥሩ ሐሳብ ነበር። መረቡ በሌሊት ሰው ካልጠበቀው ግን ሌላውንም ወፍ ይይዛል። ደግሞም በሚሊዮን ለሚቆጠር መንጋ አይደርስም። በዚምባብዌና በኬንያ በድሮን መርጨት ተጀምሯል። መርዙ ያው ፌንቲዮን ነው፤ ግን ከአውሮፕላን ይልቅ ዝቅ ብሎ፣ አነስ ያለ ቦታ ለይቶ ይረጫል። እሱ መሻሻል ነው እላለሁ።

ስለዚህ የምመክርህ ይህ ነው። «ርጭት ይቁም» የሚለውን ፊርማ ተው። በምትኩ «ያለ አሰሳ አይረጭ» የሚል ጥያቄ ይዘህ ከአባትህና ከሌሎች ገበሬዎች ጋር ወደ ወረዳው ግብርና ግባ። ገበሬው አብሮህ ካልፈረመ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ጥያቄውን በግልጽ ጻፈው። ከመረጨቱ በፊት ባለሙያ ማደሪያውን ይይ፣ ወፉ ግሪሳ መሆኑን ያረጋግጥ፣ ማሽላው ያለበትን ደረጃ ይመዝግብ። እዚያው ጎጆ ያለው ንስር ወይም ብዙ አባ ኮዳ ካለ ሌላ ዘዴ ይፈለግ። ውኃ ያለበት ፊላ፣ ሐይቅና ወንዝ ዳር፣ የፓርክ ክልል ውስጥ በፌንቲዮን አይረጭ፤ በዚህ ላይ ለድርድር አትቀመጥ። መርዙ የውኃ ነፍሳትን ይፈጃል፣ ዓሣውም የሚበላው እነሱን ነው። ከመረጨቱ ሁለት ቀን በፊት ቀበሌው ያስለፍፍ። ከተረጨ በኋላ ጓንትና ጭምብል ያደረጉ ሰዎች በማግስቱ ማለዳ የሞተውን ሰብስበው ይቅበሩ። አባ ኮዳው ቀድሞ እንዳይደርስ ሥራው በጎህ መጀመር አለበት። በሥራ ላይ ያለውን የጸረ ተባይ ቁጥጥር አዋጅ ፈልገህ ጥያቄህን ከሱ ጋር አያይዘው። ግልባጩን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ላክ። ግብርና ብቻውን ሲወስን ጉጉቱን የሚያስታውስ ሰው ጠረጴዛው ላይ አይኖርም።

ዘንድሮ የሚረጭ ከሆነ ደግሞ ቤተሰብህ የሚከተለውን ይወቅ። ንብ ያለው ሰው ቀፎውን ያርቅ፤ መርዙ አበባ ላይ ከቀረ ንቡን ይጨርሳል። ከብትና ፍየል ለሳምንታት በዚያ ጫካ አይሰማሩ፣ እንጨትም አይለቀም፣ ውኃም አይቀዳ። መርዙ አፈር ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። የሞተ ወፍ ለውሻም ለዶሮም አይሰጥ። በእጅ የነካ ሰው ልብሱን ቀይሮ ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ የጡንቻ መንዘር ከታየበት ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ «ፌንቲዮን ነክቷል» ብላችሁ ስሙን ንገሩ። አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለው። ወተት እያጠጣችሁ ቤት አታቆዩት።

አንተ ደግሞ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጓንት አድርገህ ጫካው ዳር ተገኝ። ምንም አትንካ፤ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ግሪሳ ያልሆነውን ሁሉ በየዓይነቱ ቁጠር፦ ጭልፊት ስንት፣ ጉጉት ስንት፣ አባ ኮዳ ስንት። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰህ ዙሪያውን እስከ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እየተዘዋወርክ ድገመው፤ ርቀው የሚሞቱት የሚገኙት ያኔ ነው። አባትህን ደግሞ ከማሳው ስንት ኩንታል እንደገባ ጠይቃቸውና ከአምናው ጎን ጻፈው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ አድርገህ ወረዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ።